ማቃጠል ያቆመው ጸበል

ሐሙስ፣ ነሐሴ 6 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር። ጸሐፊዋ የተናዛዡ የልጅ ልጅ እየሩስ ነኝ። ቃሉ የአያቴ ነው። እኔም ግን የምናዘዘው አለኝ፤ አፌ እምቢ ስላለኝ ከሥር እጽፈዋለሁ።

እኔ ፈንታሁን አግማስ፣ የሰባ ሁለት ዓመት ሰው፣ እጄ ቢንቀጠቀጥም አእምሮዬ ሙሉ ነው። ማንም ሳያስገድደኝ በንስሐ አባቴ በቄስ ገብረ ማርያምና በጎረቤቴ በአቶ ጸጋው ፊት ተናዝዣለሁ።

አስከሬኔ ከባለቤቴ አጠገብ ይረፍ። እሷ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ጭር አለብኝ።

ሬዲዮኔ ለእየሩስ ይሁን። እዚህ ቤት የማልጠረጥረው እሷን ብቻ ነው።

ቤቴ ለልጄ ለወንድምአገኘሁ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከኮምቦልቻ ጸበሌን በጀሪካን ያመጣልኛል። ለልጄ ለሥርጉት ግን አንዲት ቆርቆሮ አልተውኩም። ስድስት ዓመት እንዳስታመመችኝ አልክድም። ነገር ግን ጸበሌን እየቀየጠችብኝ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ጉሮሮዬን አላቃጠለኝም፤ እንቅልፍ አጣሁ፣ ላብ ያጠምቀኛል። ልትገድለኝ ነው።

እዚህ ላይ አቶ ጸጋው፣ «ጋሼ ፈንታሁን፣ ጸበል ደግሞ መቼ ያቃጥላል?» አሉ።

«አንተ እምነት ስለሌለህ ነው!»

ቄሱ ጀሪካኑን አዩት። «እስቲ እኔ ልቅመሰው።»

«አይሆንም አባ፣ እህል ቀምሰዋል።»

«በፍልሰታ? በዚህ ሰዓት?»

አያቴ ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳቡት። ቄሱም፣ «ነገ በማለዳ እመጣለሁ፤ ዛሬ አልፈርምም» ብለው ተነሡ። አቶ ጸጋውም ተከተሏቸው።

ተናዛዥ፦ ፈንታሁን አግማስ (የጣት አሻራ)
ምስክሮች፦ አልፈረሙም

የእኔ ቃል ይህ ነው። ጀሪካኑ ውስጥ ያለው አረቄ ነው። መስቀል ስለተለጠፈበት፣ ቁርስ የበላ ሰው አይነካውም፤ እኔ ግን ከአልጋው ሥር ስጠርግ ሸተተኝ። የሚሻላቸው መስሎኝ ሰባት ቀን ሙሉ አረቄውን እየደፋሁ ውሃ ሞላሁበት። አክስቴ ሥርጉት ምንም አታውቅም።

ምስክሮቹ ሲወጡ ጤና ጣቢያ ሮጥኩ። ነርሷ፣ «በዚህ ዕድሜ አረቄ በአንዴ ማስቆም ሊገድላቸው ይችላል። በመድኃኒት፣ በክትትል ነው የሚተዉት። ውሃ መጨመሩን ተይና ነገ ሆስፒታል አምጫቸው» አለችኝ። የሚጎዳቸው አረቄው ነው ብዬ ስጠረጥር ሰነበትኩ፤ ለካ መጠርጠር የነበረብኝ ራሴን ነው።

ነገ ቄሱ ብዕር ሳያነሡ ጀሪካኑን አውጥቼ መሐላቸው አስቀምጠዋለሁ። «አባባ፣ ውሃ የጨመርኩት እኔ ነኝ» እላለሁ፤ አክስቴ እየሰማች። ሬዲዮኑን ቢነሡኝም ክንዳቸውን አልለቅም፤ ሆስፒታል እወስዳቸዋለሁ።