የአያ የሻው ማሳ ስንጥቅ

ይድረስ ለውድ እታለሜ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽን አሁንስ ተሻለሽ? የአዘዞ ዝናብ ጣሪያሽን አላስቸገረሽም? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ድምፄን ስላልሰማሽ እንደምትብሰለሰዪ አውቃለሁና፣ ይህን ደብዳቤ በሳንጃ ሚኒባስ ልኬልሻለሁ።

«ድንጋይ አይተህ ምን ታገኛለህ?» እያልሽ ትስቂብኝ የለ? እንግዲያው ስሚኝ። ወደ ሳንጃ በሚወርደው መንገድ፣ ማሽኑ ተራራውን በቆረጠበት ቦታ ድንጋዩ ንብርብር ነው። ንብርብሩ ደግሞ እንደ ጋቢ እጥፍጥፍ ብሏል፤ የትም ቦታ አልተሰበረም። እጄን አሳርፌበት ፈዝዤ ቀረሁ። ድንጋይ ሳይሰበር እንዴት ይታጠፋል?

የመሬት ጥናት ቡድናችን መሪ ሕሊና የምትባል የቁስቋም ልጅ ናት፤ አባቷ መሪጌታ ናቸው። ብጠይቃት ከቦርሳዋ ሁለት ጧፍ አወጣች። አንዱን በመዳፏ አሙቃ ቀስ እያለች ገፋችው፤ ጎበጠ። ሌላውን በጠዋቱ ብርድ እንዳለ ድንገት ስትጫነው ቀጭ አለ። «ልዩነቱ ይኸው ነው» አለችኝ። «ከምድር ሥር፣ ጥልቁ ላይ ሙቀት አለ፤ ከላይ የተጫነ ክብደት አለ። ከግራ ከቀኝ ለሚሊዮን ዓመታት ሲገፋ ድንጋዩ እሺ ይላል። ላይ ላዩ ግን ቀዝቃዛ ነው። ይችላል፣ ይችላል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል።»

በዚያው ሰሞን አያ የሻው የሚባሉ ገበሬ መጡ። «ከቤቴ በላይ ያለው ማሳ ተሰንጥቆ የበሬዬ እግር ገባበት፤ በአፈር ብደፍነው ተመልሶ ይከፈታል፤ ምነው?» ብለው ጠየቁን። ሄደን ስናይ ስንጥቁ ዳገቱን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦታል። ከወዲህና ከወዲያ ችካል ተክለን ሲባጎ ወጠርን። ሲባጎው በየቀኑ እየከረረ ሄደ፤ አንድ ጠዋት ተበጥሶ አገኘነው።

ሕሊና ቤቱን እንዲለቁ ነገረቻቸው። አያ የሻው ተቆጡ፤ «አያት ቅድመ አያቴ የኖሩበት መሬት በኔ ላይ ምን ቆርጦት ይነሳል!» አሉ። ባለቤታቸው እማማ ወለላ ግን አልተከራከሩም፤ ላሟን እየነዱ ወደ ማዶ ተሻገሩ። አያ የሻውም እያጉረመረሙ ተከተሉ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ዶፍ ወረደ። እማማ ወለላ ታስራ የቀረች ጥጃ ትዝ ብላቸው ሲመለሱ ዳገቱ ማጓራት ጀመረ። ሰው ሮጦ ደርሶ ጎትቶ አወጣቸው፤ ጥጃዋም ተረፈች። ቤቱን ግን ናዳው በላው።

መሬቱ ከረጋ በኋላ አያ የሻው የተጋለጠውን ድንጋይ ሊያዩ መጡ። ያለቅሳሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ዳበሱት። እንደ መስታወት ልስልስ ብሏል፤ ቁልቁል የተጫረ መስመርም አለበት። «ዕድሜ ልኬን ከላዩ ስኖር ሆዱን አላየሁትም። ማን ነው ያለሰለሰው?» አሉ። ሕሊናም ዳገቱ ሰው ሳይሰፍርበት በፊት እዚያው ላይ ተንሸራቶ እንደሚያውቅ፣ ድንጋይ ከድንጋይ ሲፋተግ እንደተላገ አስረዳቻቸው። «ታዲያ ይህን ያህል ዘመን ምን ያዘው?» ሲሏት፣ ይህን እሷም ገና እንደማታውቅ ነገረቻቸው። ሳቁ! ቤት የፈረሰበት ሰው ሲስቅ አየሁ። አሁን ከማዶ፣ ከወንድማቸው ደጅ፣ ጎጆ እየቀለሱ ነው፤ ግን ቦታውን መጀመሪያ ለሕሊና አሳይተው ነው።

ቸሩ መድኃኔዓለም ጉልበትሽን ያጽናልኝ፤ በርሽን ለደግ እንግዳ ያስከፍትሽ።

ታናሽ ወንድምሽ

እትዬ፣ እሱ እየተናገረ የጻፍኩት እኔ ሕሊና ነኝ። እንዳትነግሪያት ብሎኝ ነበር፤ አላስቻለኝም። ሮጦ የደረሰው ሰው ወንድምዎ ነው። ቀኝ ክንዱ በጀሶ ታስሯል፤ ሐኪሙ ይድናል ብሏልና አይስጉ። አባቴ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቤታቸው ናቸው፤ ሽማግሌ ቢመጣም አክብረው ይቀበላሉ፤ ይህን ለምን እንደጻፍኩልዎ ወንድምዎ ይነግርዎታል።