ከሰው ጋር የተቆረጠ ነገ

ንፋስ መውጫ፣ ኅዳር ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለውድ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆችሽ ደኅና ናቸው? የትንሹ ሳል ተሻለው? እኔ ለጤናዬ ደኅና ነኝ። ለጤናዬ ብቻ። ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽና ይህን ራስሽ አንብቢው፤ ለማንም አታስነብቢ።

መምህር ቢሻው እንግሊዝኛ ሲያስተምሩን ለነገ ብዙ አነጋገር አለ አሉ። እዚያው ሲናገሩ ካፍ የሚወጣ ነገ አለ። አስቀድሞ በልብ የታሰበ ነገ አለ። ከሰው ጋር ቀን የተቆረጠለት ነገ ግን ሌላ ነው፤ እሱ አሁን እየሆነ እንዳለ ነገር ይነገራል። የትኛውን እንደምትመርጡ ልይ ብለው ዓረፍተ ነገር አስጻፉን። ቻላቸው አውሮፕላን ነጂ እሆናለሁ ብሎ ሲያነብ፣ ደምሌ ከኋላ ሆኖ እዚህ አገር የሚበረው ነፋሱ ብቻ ነው አለውና ሳቅን። እኔ በሁለተኛው ጻፍኩ። ጎንደር ወርጄ ነርስነት ልማር ነው።

በሳምንቱ አባባ አስጠሩኝ። ቤት ስደርስ ፈንታው የሚባል ሰው የላካቸው ሽማግሎች ተቀምጠዋል። መሪጌታ ገብረ ሥላሴ ዘር ሊቆጥሩ መጥተዋል። ሰባት ቤት ሳይሞላ ዘር ከተገናኘ ጋብቻው ይቀራል። የእኔ ተስፋ እሱ ብቻ ነበር። ከጓዳ ሆኜ አብሬ ቆጠርኩ። በእኛ ወገን ስድስተኛዋ አመለወርቅ ተባለች። በፈንታው ወገን ስድስተኛዋ ወለተ ኪዳን። መሪጌታ አልተገናኙም አሉ። አንዱ ሽማግሌ ደስ ብሎት፣ «ለታላቂቱም ባል የመጣው ከዚችው ከወለተ ኪዳን ዘር ነው። ይኸው ወልዳ ከብዳ ትኖራለች» አለ። ጥር ተቆረጠ።

እትዬ፣ አመለወርቅ የዓለም ስሟ ነው። ወለተ ኪዳን የክርስትና ስሟ። አንዲት ሴት ናት። ወንዶቹ አያውቁም። አንቺ አራስ ሳለሽ አያታችን ስታወጋን ሰምተናል። ያን ቀን ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽ። ድካም መስሎኝ ነበር።

ወጥቼ ብናገር እኔ እድናለሁ። ባልሽም ከእሷው ዘር ነውና ያንቺ ቤት ግን? ልጆችሽ ምን ሊባሉ? አፌን ከፈትኩ። እማዬ አየችኝ። የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ነበር። አፌን ዘጋሁት።

አባባ እስከ ገና ተማሪ ብለው መለሱኝ። መምህር ቢሻው አዲስ ዓረፍተ ነገር አምጡ አሉ። ልቤ ሁለተኛውን ይላል። እጄ ሦስተኛውን ጻፈ። በጥር እያገባሁ ነው። ገና ሳልሄድ፣ እየሄድኩ። መምህሩ በቀይ ቀለም ትክክል ብለው ለክፍሉ አነበቡት። ያን ጊዜ የሳቀ የለም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር። ተውኩት።

ኪዳነ ምሕረት ልጆችሽን ታሳድግልሽ። ቤትሽ አይናወጥ። ለባልሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ይህን ወረቀት ግን እሳት ይብላው። ለሠርጉ ስትመጪ፣ እባክሽ፣ ፊትሽን ወደ እኔ አዙሪልኝ።

ታናሽ እህትሽ