ባሱኔ አልተበላሸም

መቱ፣ ቅዳሜ ኅዳር 14

ጋሽ ደረጀን ይቅር አልለውም። ዛሬ በከተማው አዳራሽ ባሱኔን፣ ረጅሙን የእንጨት የትንፋሽ መሣሪያዬን፣ ይዤ ብቻዬን መድረክ ላይ ወጣሁ። በፒያኖ ቁልፎች መካከል የሚቀሩትን፣ ለጆሮ የተዛነፉ የሚመስሉትን ድምፆች የሚፈልገውን አዲሱን የሙዚቃ ሥራ ገና ሳላጋምስ፣ መድረኩን የሚመራው እሱ ማይክ ይዞ መጣ።

«ልጄ፣ መሣሪያሽ ተበላሽቷል መሰለኝ። አሠርተሽው ተመለሺ» አለ። አዳራሹ ሳቀ።

«አልተበላሸም ጋሼ፤ ሙዚቃው እንደዚህ ነው» አልኩት።

«እንግዲያው ቤትሽ ተጫወቺው።»

ዓይን ዓይኑን እያየሁ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ሰዉ እያጉረመረመ ወጣ። ከጎሬ በሚኒባስ የመጣችው እናቴ ብቻ ቀረች። ስጨርስ፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔም አልወደድኩትም» አለችኝ።

ከፋኝ። እሷ ግን እስከ መጨረሻው ሰምታ ነው የጠላችው።