አባቴን በፒን ላይ ሳትም

ሐምሌ 24
ዝናብ። የሕፃናት ትምህርት ቤቱን የደረት ፒን ጨረስኩ። አራቱ ተበላሹ። ሥዕሉን በቀለም አትሜ ቆርቆሮው ላይ ከለጠፍኩ በኋላ ጥርት ያለ ሙጫ አፈስበታለሁ፤ እርጥበት ካገኘው ይደበዝዛል። ወረታ ደግሞ በክረምት ያው ውኃ ናት። ከሰዓት በሩ ላይ ቆሜ ሩዝ አርመው የሚመለሱትን ሴቶች ሳይ ዋልኩ። ሌላ ምንም የለም።

ሐምሌ 26
አንድ ዲያቆን መጣ። እንግዳው ይባላል፤ የቅኔ ተማሪ ነው።
"የኔታ ማስተማር ከጀመሩ አርባ ዓመት ሞላቸው። ለፍልሰታ ፍቺ ፎቷቸውን ሁላችንም ደረታችን ላይ እንድናደርግ ነው። ሠላሳ ይበቃናል" ብሎ ስልኩን ዘረጋልኝ።
አባቴ ነበሩ።
ጢማቸው ነጥቷል። ዓይኖቻቸው... ወተት የፈሰሰባቸው ይመስላሉ።
"ዓይናቸው ምን ሆኖ ነው?"
"ጠፋ እኮ። ሁለት ዓመት አለፈው። እባክሽ እቴ፣ በኮምፒውተር የሚያዩ አስመስለሽ ሥሪልን።"
ልጃቸው እንደሆንኩ አያውቅም። አልነገርኩትም። ለምን?

ሐምሌ 27
ሥራ አልያዝኩም።
ከቤት ከወጣሁ አምስት ዓመቴ። ለአንድ መሪጌታ ልጅ ሊድሩኝ ቃል ሰጥተው እምቢ አልኩ። "ከዚህ በር ከወጣሽ ልጅ የለኝም" አሉ። ወጣሁ። ባሕር ዳር ሙያውን ለምጄ፣ እዚህ ሱቅ ከከፈትኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ከወረታ አባቴ እስከሚያስተምሩበት ደብር በእግር ሁለት ሰዓት። ሁለት ሰዓት! እናቴ ከዚያ በፊት ሞታለች... ዓይናቸው መጥፋቱን ማን ይንገረኝ?

ነሐሴ 5
አንድ የድሮ ፎቶ ነበረኝ። ዓይናቸውን ከዚያ ወስጄ አዲሱ ፊት ላይ አደረግኩ። ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ። ለካ ቡናማ ነው፤ ጫፉ ላይ ጠቆር ይላል። ረስቼው ነበር።

ነሐሴ 9
ሙጫው ደረቀ። አንድም አልደበዘዘም። ሠላሳ ቦታ ሆነው ከጠረጴዛው ላይ ያዩኛል። በፎጣ ሸፈንኳቸው።

ነሐሴ 16
ለእንግዳው "አትምጣ፣ እኔው አደርሰዋለሁ" ብዬው ነበር። ሜዳው ውኃ ተኝቶበታል፤ ጭቃው እስከ ጉልበት።
ደብሩ ስደርስ ተማሪዎቹ ሁሉም ፒኑን አደረጉ። አንዱን ለአባቴ ልሰካ ጎንበስ አልኩ። በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።
"ለስላሳ ነው። ምን አለበት?"
"እርስዎ ነዎት።"
እጃቸው ቀጥ አለ። ድምፄን አወቁት። ስሜን ግን አልጠሩም።
"ዓይኔስ?"
"ያያል፣ አባባ።"
ከዚያ ቀስ ብለው፣ "ዓይኔ ደኅና ሳለ ካንቺ መጨረሻ ያየሁት ጀርባሽን ነው" አሉ።
እንግዳው አቀረቀረ።

ነሐሴ 23
ባሕር ዳር ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ለብቻዬ ጠርቶ ነገረኝ። የዓይን ማዝ ነው። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ብሌኑን ፋቀው። "ያኔ ቢመጡ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይተርፍ ነበር። አሁን አልፏል" አለ።
መኪና ውስጥ፣ "ምን አለ?" አሉኝ።
"ቆይቷል አለ።"
"ማነው ያቆየው?"
ለእኔ ይሁን ለራሳቸው፣ አልገባኝም።

መስከረም 8
ሱቁን በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ እከፍታለሁ። የቀረውን ቀን እሳቸው ዘንድ ነኝ። ልብሳቸውን አጥባለሁ፣ ፊታቸውን አብሳለሁ። ይቅርታ አልተባባልንም። ስለዚያ በር ማንም አያነሳም።
ዛሬ ልመለስ ስነሳ በትራቸውን ይዘው ደጅ ድረስ ተከተሉኝ።
"ይግቡ አባባ፣ ያዳልጣል።"
"ሂጂ ሉሊት" አሉ። ስሜን! በአምስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ጊዜ ነው። "እስክትርቂ እሰማሻለሁ።"
እያለቀስኩ፣ ጭቃውን ጮክ አድርጌ እየረገጥኩ ሄድኩ።