ማን ቀድሞ ይጠጣ

ሰኔ 16፣ ቅዳሜ

ሽንኩርት እየላጥኩ ደወል ሰማሁ። የበር አይደለም፣ የብስክሌት። ማሕሙድ ነው፣ ሌላ ማን። ባለቤቴ አረጋሽ ሥራ ናት፣ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት፤ እራቱ የኔ ተራ ነው። በመስኮት አንገቴን አወጣሁ።

«ውረድ፣ ያ ሀብቴ። ወሬ አለ።»

ወሬው ይሄ ነው። አንዲት ልጁ አማል እኛን እዚህ ጀርመን ትታ ኦክስፎርድ ሥራ ይዛለች። መስከረም ላይ ኑና በቴምዝ ወንዝ ዳር ብስክሌት እንንዳ ብላለች። መንገዱ ለጥ ያለ ነው አሉ፣ ዳገት የለው፣ በአንድ ወገን ወንዝ፣ በሌላው ላሞች። እሺ ብሏታል። ለሁለታችንም።

«አንተን ማን ወከለህ?» አልኩት።

«ፋብሪካው ውስጥ ስንት ዘመን ጎን ለጎን ቆመን? ፊርማህን እንኳ ካንተ አሳምሬ እፈርማለሁ።»

ጥር ላይ ልቤ ቆሞ፣ ደም ሥሩ ውስጥ ሽቦ እንደከተቱልኝ ረሳው? ሐኪሙ ብስክሌት ጥሩ ነው ይላል፤ እሱ ምን ቸገረው... እንግሊዝ አገር ሜዳ ላይ ቀጥ ብልስ? ማን ያነሳኛል? ላሞቹ?

ይሄን ስጽፍም ጣቴ አንገቴ ላይ ነው። ይመታል።

ሐምሌ 1፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ሰፈራችን ያለው ኒዳ ወንዝ ዳር ወጣን። ልምምድ ነው። ዛፉ፣ ዳክዬው፣ የልጅ ጋሪ የሚገፉት እናቶች... ሁሉም ሰላም ነው። የምፈራው እኔ ብቻ። አግዳሚ ወንበር ባየሁ ቁጥር እወርዳለሁ።

«ወንበር ልትቆጥር ነው እንዴ የመጣኸው?»

ደረቴን ወጋኝ አልኩት። ምን በላህ አለኝ። ሽሮ። «እንግዲያው ሽሮው ነው።»

ፈሪ ለእናቱ ነው ስለው፣ እናትህ ነፍሷን ይማርና ካረፈች ቆየች፣ ለማን ነው የምትሳሳው አለኝ። ሳቅኩ። ቤት ስገባ ግን ደግሞ ወጋኝ። እውነት ሽሮው ይሆን? ለአረጋሽ አልነገርኳትም። የሽማግሌ ሕመም ስትሰማ ውላ ማታ ደግሞ የባሏን...

ሐምሌ 14፣ ቅዳሜ

ረመዳን ትናንት ገባ። ማሕሙድ ጾሙን ይዞም ካልነዳሁ አለ። «ጠዋት ነው የምንወጣው፣ ምን አለበት?» ስድሳ አራት ዓመቱ ነው እኮ።

ሽቫንሃይም፣ ጫካው ድረስ ሄድን። ውኃዬ ብስክሌቱ ላይ ነበር፣ አልነካሁትም። የሱ ከንፈር ደርቆ እኔ ጎንጨት ልል? አይሆንም። ደጋግሞ ጠጣ አለኝ። አልጠማኝም አልኩት። ጠምቶኝ ነበር።

ነሐሴ 1፣ ማክሰኞ

ፍልሰታ። ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች ተገናኙ። አረጋሽ ለካ ሳልሰማ ለንስሐ አባቴ ደውላለች። ጠዋት እሳቸው ደወሉ። «ክኒንህን በውኃ ዋጥ፣ ሲጠማህም ጠጣ። እግዚአብሔር የሬሳ ጾም አይቀበልም።» እሺ አባቴ አልኩ።

ለማሕሙድ ነገርኩት። እሱም መንገደኛ ከሆነ ይፈቀድለታል።

«ታዲያ ለምን አትጠጣም?» አልኩት።

«ከሰፈሬ ከኡንተርሊደርባህ ሽቫንሃይም ሄጄ መንገደኛ ነኝ ልበል? የሰው መሳቂያ አታድርገኝ።»

ረጅሙን ጉዞ የምንሄድ ዕለት ግን፣ እስከ ዜሊገንሽታት ከተማ፣ እጠጣለሁ ብሏል። ወላሂ ብሎ ማለልኝ። እኔም እጠጣለሁ አልኩት።

ነሐሴ 11፣ ዓርብ

ነገ ነው። ሙቀት ይከብዳል ይላል ሬዲዮው። ብተወውስ? አሞኛል ብልስ? ውሸትም አይደል...

ነሐሴ 13፣ እሑድ

ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሰረዝኩ። ቢሆንም ልጻፈው።

ትናንት ጎሕ ሲቀድ ወጣን። የማይን ወንዝን ይዘን ከተማውን አለፍን፣ ኦፈንባህን አለፍን። ሃናው ጋ ስንደርስ ፀሐይዋ ትጋረፍ ነበር። እያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ሙሉ ጠርሙስ ይዘናል።

«ጠጣ» አልኩት።

«አንተ ቅደም።»

«አንተ ነህ እንጂ። መንገደኛ ሆነሃል።»

«አንተ በሽተኛ ነህ። ቅደም።»

ተሳሳቅን። ገበታ ላይ እንደምናደርገው ነው፤ ማን ቀድሞ ይቆርሳል? ነዳን። ትንሽ ቆይተን ደግሞ፣ ቅደም፣ የለም አንተ ቅደም... ኋላ መነጋገሩንም ተውነው። እኔ ጣቴን አንገቴ ላይ እያደረግኩ የራሴን ልብ ነበር የማዳምጠው። ከፊቴ የሚነዳውን ሰው ልብ ብዬ አላየሁትም። ብስክሌቱ ወዲያ ወዲህ ሲል እንኳ እየቀለደ መሰለኝ። ከዚያ ሣሩ ላይ ወደቀ።

ቆዳው እሳት ነው። ላብ የሚባል የለውም። በዐረብኛ ያወራል፣ ለማን እንደሆነ አላውቅም። አፉ ውኃውን አልቀበል ሲል ራሱ ላይ አፈሰስኩት። ለአምቡላንስ 112 ደወልኩ። የት ናችሁ? ወንዝ ዳር። የወንዙ የቱ ጋ? ምን ልበል... ቤት የለ፣ የመንገድ ስም የለ። ሴትዮዋ፣ ለመርከብ ነጂዎች ዳር ዳሩን የተተከለ የኪሎ ሜትር ሰሌዳ አለ፣ ፈልግና ቁጥሩን ንገረኝ አለች። ትቼው ሮጥኩ። ስመለስ ሞቶ ባገኘውስ? እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፣ የራሴ ልብ የቆመ ቀን እንኳ። ሰሌዳውን አገኘሁ። ቁጥሩን ነገርኳት። ስመለስ ይተነፍስ ነበር።

ሆስፒታል ወጣት ሐኪም መጣች።

«ውኃ አልነበራችሁም?»

ነበረን።

«ምን ያህል?»

አራት ጠርሙስ።

«ታዲያ ለምን አልጠጣችሁም?»

ጾም ነው ብላት ይገባት ነበር። ግን ጾም አልነበረም፤ ሁለታችንም ተፈቅዶልን ነበር። ይሄን በጀርመንኛ እንዴት ይሉታል? በአማርኛስ?

ኩላሊቱ አልሠራ ብሏል። ማሽን ላይ ነው። ዛሬ ዒድ ነው።

ነሐሴ 19፣ ቅዳሜ

አማል መጥታለች። ማሕሙድ ዓይኑን ይገልጣል፣ ብዙ አያወራም። ኮሪደሩ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። አማርኛውንና ጀርመንኛውን እየቀላቀለች፣ እንደ ልማዷ አጎቴ ለማለት ዓሞ ብላ ጠየቀችኝ።

«ዓሞ ሀብቴ፣ ባባ ማንን እየጠበቀ ነው ያልጠጣው?»

«እኔን።»

«አንተስ?»

«እሱን።»

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ሄዳ ሁለት ሻይ ከማሽኑ ቀዳች፣ አንዱን ለኔ ሰጠችኝ። እስክጠጣው ድረስ ዓይኗን ከኔ አልነቀለችም።

ጥቅምት 25፣ እሑድ

ኩላሊቱ ተመልሷል፣ ተመስገን። ማሕሙድ ግን አልተመለሰም። ብቻውን ቤቱን ቆልፎ ይቀመጣል። ዳቦ እንኳ ጎረቤት ነው የሚገዛለት። ዛሬ ስገባ ጣቱ አንገቱ ላይ ነበር። የኔ ጣት... ልክ እንደኔ ነው የሚይዘው። ያ ሁሉ ፍርሃት ከኔ የተላለፈበት መሰለኝ።

«ውጣ እስቲ፣ ኒዳ ድረስ በእግራችን።»

«መንገድ ላይ ብወድቅስ?»

እኔ ስጠይቀው እሱ ሁሌም የሚመልሰው ነገር ነበረው።

ሚያዝያ 19፣ ቅዳሜ

አማል ስለ ወንዙ መንገድ ደግማ ጠየቀች። ያለ ማሕሙድ አልሄድም አልኩ። ተቆጣኝ። በየውኃ በሩ፣ ጀልባ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉበት ላይ፣ እየቆምክ ትደውልልኛለህ አለኝ። «እኔ እዚህ ሆኜ እፈራልሃለሁ፣ አንተ ንዳ።»

ግንቦት 10፣ ቅዳሜ፣ ኦክስፎርድ

ዛሬ ነዳን፣ እስከ አቢንግደን። መንገዱ አማል እንዳለችው ለጥ ያለ ነው፣ ግን ጠባብ። ከብቶቹ እንዳይወጡ በየቦታው የእንጨት በር አለ፤ ወርደህ ከፍተህ፣ አልፈህ ትዘጋለህ። ቀጫጭን ጀልባዎች ላይ የአበባ ማሰሮ ደርድረው ሰዎች ይኖሩባቸዋል። ሁሉም እንደምን አደርክ ይላል። እንዲህ ያለ አገር ውስጥ መፍራት ያሳፍራል።

የመጀመሪያው የውኃ በር ላይ ደወልኩ። አነሳ። ላም አየህ አለኝ፣ አየሁ አልኩት።

ሁለተኛው ላይ አላነሳም። ደገምኩ። አላነሳም። አማል «እየሰገደ ይሆናል» አለች፣ ግን ፊቷን አየሁት። ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከተቆለፈ በር ኋላ ወድቆ ቢሆንስ? ማን ይሰብረዋል? ለአረጋሽ ልደውል? ከሥራ ወጥታ እስክትደርስ... ጀልባ መጣ፣ ውኃው ከፍ አለ፣ በሩ ተከፈተ፣ ጀልባው አለፈ። ምንም አላየሁም።

በስንተኛው እንደሆነ አላውቅም፣ አነሳ። ያለከልካል።

«የት ነህ?»

«ኒዳ ዳር።»

«ከማን ጋር?»

«ከብስክሌቱ ጋር።» አለኝ። «ስትጠራ ሰምቻለሁ። እጄ መሪውን አልለቅ አለኝ፣ ሀብቴ። ወላሂ፣ በጣም ነው የፈራሁት።»

ልቆጣው ነበር፣ ተውኩት። ፀሐይ አለ? አለ። ውኃ ይዘሃል? ይዟል።

«ጠጥተሃል?»

አይመልስም።

«ማሕሙድ።»

«አንተስ?» አለኝ።

በዓለ ሃምሳ ነው፣ ጾም የለብኝም። ረመዳንም ገና ነው። ጠርሙሴን ከፈትኩ። ስልኩን ጉሮሮዬ አጠገብ ይዤ ጠጣሁ፣ እስኪሰማው። ከዚያ ጆሮዬ ላይ መልሼ አዳመጥኩ። ቆየ። ከዚያ እሱም ጠጣ።