መርከቡ ጥሎን ሄደ

ቅዳሜ፣ ጁን 15፣ 1996

ሊቀጥረኝ ያሰበው መሥሪያ ቤት አዲስ ተመራቂዎችን ከነቤተሰባችን ለመርከብ ሽርሽር ጋብዞን ነበር። ማናጀሩ "የሥራውን ነገር እዚያው እንጨርሳለን" ብሎኛል። አባዬና እማዬ ባስ ሲጠብቁ በዝናብ እንዳይበሰብሱ ብዬ መኪና ሬንት አደረግሁ። ገና ከሰፈራችን ከሴንት ጄምስ ታውን ሳንወጣ የዝናብ መጥረጊያው ዋይፐር ቆመ። አንገቴን በመስኮት አውጥቼ እየነዳሁ እንደምንም ወደቡ አጠገብ ደረስን።

እዚያ አባዬ የድሮ ጎረቤታችንን ጋሽ ታደሰን መንገድ ዳር አዩ።

"አቁም። መኪና ውስጥ ተቀምጦ ታላቅ ሰው ሰላም አይባልም።"

ሞተሩን ሳላጠፋ ሁላችንም ወረድን። እማዬ ሌባ ፈርታ በሮቹን አንድ በአንድ ቆልፋ ዘጋቻቸው። ቁልፉም የግብዣ ካርዱም ውስጥ ቀሩ።

"ምነው እማዬ?"

"አንተ ነህ እንጂ ምነው! የሰው መኪና ክፍት ጥለህ የምትወርድ።"

ወደ መርከቡ ሮጥኩ። በር ላይ ያለችው ልጅ ያለ ካርድ አላስገባም አለችኝ። ማናጀሩን ጥሪልኝ ብዬ ስለማመጣት መሰላሉን አነሡት።

በስብሼ ስመለስ እነ አባዬ ሰላምታቸውን ገና አልጨረሱም። ጋሽ ታደሰ ጃንጥላቸውን ወደ እኔ ጠጋ አድርገው፣ "ለመሆኑ ጎበዙ ሥራ ያዘ?" አሉ።

"ይኸው፣ ዛሬ ሊዋዋል ነው የመጣነው" አሉ አባዬ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

መርከቡ ሐይቁ ውስጥ ወዳሉት ደሴቶች ዞሯል።

ሰኞ ማናጀሩን ኮል አደርጋለሁ። ግን ምን ልበለው? ሰላም እየተባባልን ነበር ልበለው?