በአንድ ሰዓት የማይቀልጥ በረዶ

ረቡዕ፣ የካቲት 2

አልሄድም ብያለሁ። ሦስት ጊዜ ብያለሁ። ሻንጣው ግን ተዘግቷል፤ ሜሮን ላዩ ላይ ተቀምጣ ነው የዘጋችው። የልጄ ልጅ ናት፣ ሃያ አራት ዓመቷ፣ እዚሁ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ የተወለደች። አማርኛው ሲያልቅባት በእንግሊዝኛ ትጨርሰዋለች። «እማማ፣ ቡክ አድርጌዋለሁ፣ ካንስል አይደረግም» አለችኝ። ፖላሪስ ሱቅ ቆማ የሠራችበትን የዓመት ዕረፍት ለዚህ አጠራቅማለች። የት ነው የምንሄደው? ኦስትሪያ፣ ተራራ ላይ ያለ መንደር። ለምን? በረዶ ላይ ለመንሸራተት። እኔ ስልሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዳልንሸራተት ስጠነቀቅ የኖርኩ ሰው!

ደብተሩንም የሰጠችኝ እሷ ናት። «ፕሌን ላይ ስታወሪ ልታድሪ ነው፤ በቃ ጻፊው፣ እኔ ልተኛ።» ባለጌ። በመሠረተ ትምህርት የለቀምኳት ፊደል ናት ያለችኝ፣ ግን ትበቃኛለች።

የያዝኩት፦ በርበሬ አንድ ኪሎ፣ ሽሮ፣ የጉልበት ቅባት፣ የክትባት ካርድ፣ ማስክ አንድ ፓኮ፣ የሱፍ ካልሲ ስድስት። «በርበሬው ለማን ነው?» አለች። ለራሴ አልኳት።

ለራሴ አይደለም። እዚያ መንደር ማን እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን፣ አናነሳውም እንጂ። ታናሽ እህቴ ዘውዴ አለች። ሜሮን በስልክ ፈልጋ አገኘቻት፣ ከዓመት በላይ ሲጻጻፉ ኖረዋል። እኔና ዘውዴ ግን ከተነጋገርን አስራ ዘጠኝ ዓመታችን።

እሑድ የካቲት 13 ኮሎምበስ መገኘት አለብኝ። የሜሮን ወንድም ቢኒያም የመጀመሪያ ልጁን ቸርች ያስባርካል፣ ሕፃኑን ታቅፌ የምቆመው እኔ ነኝ። አርብ ተነስተን ቅዳሜ እንገባለን። ቢኒ ግሮቭፖርት ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ነው የሚሠራው፤ ሺፍት ለምኖ ነው ያቺን እሑድ ያገኛት። «እማማ፣ እንዳትቀሪ» አለኝ። እኔ ቀርቼ አውቃለሁ? እኔ የምቀር ሰው አይደለሁም። የሚቀር ሌላ አለ።

አርብ፣ የካቲት 4

ጌታ ሆይ! ጌታ ሆይ! ሌላ ቃል የለኝም። እኔ ቃል አጥቼ አላውቅም።

ኮሎምበስ እንደ ጠረጴዛ የተደለደለ ነው። እዚህ አውቶቡሱ ሲጠመዘዝ መስኮቱን ነጭ ነገር ሞላው። ደመና መሰለኝ። አንገቴን ወደ ኋላ ጣልኩ፣ አላለቀም። የባሰ ጣልኩ፣ ሻሼ ወደቀ፣ አሁንም አላለቀም። ተራራ ነው! ስለ ተራራ ስንት ዓመት ዘምሬያለሁ፤ ለካ እንዲህ ያለውን ሳላይ ነው የዘመርኩት።

መንደሩ ሁሉ የእንጨት ቤት ነው፣ ፀሐይ ያጠቆረው። ጣራው ላይ የተኛው በረዶ የፍራሽ ውፍረት አለው። ከጣራው ጠርዝ ሥር የተፈለጠ እንጨት ተደርድሯል፤ አደራደሩ ሲያምር አንዱን መዘው ሊያነዱት ያሳዝናል። ላሞቹ ከቤቱ ሥር ናቸው! ሰው ላይ፣ ላም ታች። ይሄን ሁሉ ባሕር ተሻግሬ እበት ሲሸተኝ ሳቄ መጣ።

ዘውዴ ፌርማታው ላይ ቆማ ነበር። ሸብታለች። መቼ ሸበተች? «እንኳን ደህና መጣሽ እትዬ» አለች። እንኳን ደህና ቆየሽኝ አልኩ። ሦስቴ ተሳሳምን፣ ማስክ ለማስክ ተነካካ፣ አለቀ። የአውቶቡሱ ሹፌር ከዚያ የበለጠ አዋርቶኛል፣ ያውም ቋንቋውን ሳላውቅ።

የምትኖረው አና የምትባል አሮጊት ቤት ነው፤ ባሏ የሞተ፣ ሰማንያ ያለፋት። እኛንም እዚያው አሳረፉን። ቤቱ መሀል ትልቅ የሸክላ ምድጃ አለ፣ ዙሪያውን መደብ አለው። መደብ፣ እንደኛው! ተደግፌው ስቀመጥ ጉልበቴ ራሱ አመሰገነ። አና ጎኔ ተቀምጣ በራሷ ቋንቋ አወራች፣ እኔም በራሴ አወራሁ። በደንብ ተግባባን። ያልተግባባሁት ከእህቴ ጋር ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 5

ዛሬ ያየሁትን ቸርች ባወራው ይጸለይላት ይሉኛል።

ከዳገቱ ግርጌ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበርኩ። ሜሮን ላይ ናት። ኦሃዮ ውስጥ አንዲት ኮረብታ ላይ ነው የተማረችው፤ እዚህ ስትወርድ ስትነሳ ስትወድቅ አየኋት። ሰው ከተራራው ይፈሳል። ሽማግሌ ይፈሳል። ጡት ያልጣለ የሚመስል ሕፃን ይፈሳል፣ እናቱ ከኋላ እየሳቀች። እኔ በየአንዳንዱ «በስመአብ» ስል ድምፄ ዘጋ።

ከዚያ አንዲት ቀይ ጃኬት ከላይ መጣች። አትጣደፍም፣ እንደ ጭልፊት ነው የምትወርደው። ወደ ግራ ዘንበል፣ ወደ ቀኝ ዘንበል፤ ተራራውን ውረሺ የተባለች ትመስላለች። እግሬ ሥር መጥታ ቀጥ አለች፣ በረዶው ፊቴ ላይ ተረጨ። «ማናት ይቺ ስድ!» አልኩ። መነጽሯን ወደ ላይ ገፋች።

ዘውዴ!

ተራራው ላይ ያለው ምግብ ቤት፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ነው የምትሠራው። ጠዋት በኬብሉ፣ በገመድ ተንጠልጥሎ በሚወጣው ሳጥን ትወጣለች፣ ሥራ ስትጨርስ እንዲህ ሆና ትወርዳለች። ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው! ናዝሬት ሳለን የጎረቤት ውሻ ስታይ እኔ ጀርባ የምትደበቅ ልጅ ነበረች።

«አንገትሽን ትሰበሪ!» አልኳት።

«እስካሁን እጄን ብቻ ነው እትዬ። ሁለቴ።»

ልስቅ ነበር። ዋጥኩት።

ሰኞ፣ የካቲት 7

እኔም ተንሸራተትኩ! ይጻፍልኝ።

ሕፃናት የሚማሩበት ቦታ ነው። መሬቱ ላይ የሚሄድ ምንጣፍ አለ፣ ሽቅብ ይወስድሻል። ከፊቴ የአራት ዓመት ልጅ፣ ከኋላዬ የአራት ዓመት ልጅ። ሜሮን ከታች «ፒዛ! እማማ፣ ፒዛ!» ትላለች። «አሁን ምሳ ነው እንዴ?» አልኳት። ለካ እግርሽን እንደ ቁራሽ ፒዛ ከፊት አጥብበሽ ከኋላ ክፈቺ ማለቷ ነው፣ ለማቆም። ፍሬን በምግብ ስም!

ዘውዴ ከኋላ ወገቤን ያዘች። «እግርሽን አትዪ እትዬ። ወደምትሄጂበት እዪ።» ቁልቁል ለቀቅነው። አንድ ክፍል ቤት ያህል ሄድኩ፣ ሳልወድቅ። ጮህኩ። ሕፃናቱ አጨበጨቡልኝ። ዘውዴ ወገቤን አልለቀቀችም፣ እኔም ልቀቂኝ አላልኩ።

ከሰዓት በኬብሉ ጫፍ ድረስ ወሰደችን። ከላይ ሲታይ ተራራ ከተራራ ጀርባ፣ እሱም ከሌላ ተራራ ጀርባ፤ ፈጣሪ ሠርቶ ሠርቶ እጁን ያራገፈበት ቦታ። ቀዝቃዛው አየር ጥርስ ያማል። ዘውዴ ቀስ ብላ «እማዬ ይሄን ብታይ» አለች።

ተነስቼ ሄድኩ። ምክንያቱን ለማንም አልነገርኩም፣ እዚህ ልጻፈው።

እማዬ ናዝሬት ስትደክም፣ ያኔም እዚህ መንደር ለነበረችው ለዘውዴ ደወልኩላት፤ ያኔ እኔም አሜሪካ አልመጣሁም። «ድረሺ» አልኳት። «ነገ እነሳለሁ» አለች። በር በተከፈተ ቁጥር እማዬ «ዘውዴ ናት?» ትላለች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። በአራተኛው ቀን ስልክ መጣ፦ «እትዬ፣ በረዶ መንገዱን ዘጋው፣ መውጣት አልቻልኩም።»

በረዶ! እኔ የማውቀው በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲንጣጣ ልጆች ለቅመው የሚበሉት ነው። «አንድ ሰዓት ብትጠብቂ ይቀልጥ የለም እንዴ? ለውሸትም ደህና ውሸት አለ» ብዬ ዘጋሁባት። በማግስቱ እማዬ ሞተች። ዘውዴ እመጣለሁ ስትል «አሁን ምን ልታደርጊ? አትምጪ» አልኳት። ድንኳን ሙሉ ለቀስተኛ ፊትም ውሸታም አልኳት።

ኮሎምበስ ስመጣ ሌላ ዓይነት በረዶ አየሁ። በአንድ ሰዓት አይቀልጥም፣ እሱን አመንኩ። ግን ማለዳ መኪና መጥቶ ይጠርገዋል፣ ሰው ሥራው ይገባል። ስለዚህ አሁንም ውሸታም ናት አልኩ። እንዲህ እያልኩ ኖርኩ።

ረቡዕ፣ የካቲት 9

ከትናንት ጀምሮ እየጣለ ነው። ድምፅ የለውም። የኛ ዝናብ ሲመጣ ያስታውቃል፣ ይሄ እንደ ሌባ ነው። ጠዋት አጥር ነበረ፣ አሁን የለም። አግዳሚ ወንበሬም የለም። የቤተ ክርስቲያኑ ጫፍ ብቻ ይታያል። መስኮቱ ጋ ቆሜ ሽሮዬ አረረ፤ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ያስፈራል፣ ያምራል፣ ሁለቱም አንድ ላይ።

ሜሮን መቶ ጊዜ ስልኳን ታያለች። «ኢትስ ኦኬ፣ እማማ።» ኦኬ ስትል ኦኬ አይደለም።

ሐሙስ፣ የካቲት 10

ቡም! ገና ሲነጋ። ጦርነት መስሎኝ ከአልጋ ወረድኩ። ዘውዴ በሩ ላይ መጣች፦ «አይዞሽ እትዬ፣ ተራራውን እየተኮሱት ነው። ናዳው በሰው ላይ ሳይመጣ በፊት ራሳቸው ያወርዱታል።» በረዶ ናዳ አለው! እንደ ድንጋይ፣ እንደ መሬት!

መንገዱ ተዘግቷል። አውቶቡስ የለም። ኬብሉም ቆሟል። «መኪና መጥቶ አይጠርገውም?» አልኩ። ዘውዴ አየችኝና ምድጃው ላይ እንጨት ጨመረች። ምነው በተሳደበች።

ከቁርስ በኋላ አና እጄን ይዛ ወደ ላሞቹ አወረደችኝ። አንድ ወፍራም ምሰሶ አለ፣ ላዩ ላይ በቢላ ተጭሯል። የበረዶ ቁመት ነው፣ በየዓመቱ፣ ከነቁጥሩ። ብዙው ወገቤ ጋ ነው። አንዱ ከራሴ በላይ ነው፤ ጣቴን ዘርግቼም አልደረስኩበትም። ሜሮን ዓመቱን ጮክ ብላ አነበበችልኝ። እማዬ የሞተችበት ዓመት ነው።

አና ለሜሮን በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነገረቻት፣ ሜሮን ለእኔ። ያን ጊዜ ዘውዴ ሻንጣዋን ተሸክማ በእግሯ ወጥታለች። የአና ባል ድልድዩ ጋ ደርሶባት፣ በረዶው ደረቷን ይዟት፣ በገመድ ጎትቶ መለሳት። በማግስቱም ወጣች። እንደገና መለሳት። ሻንጣው ግን ቀረ፤ ያገኙት በረዶው ሲቀልጥ ነው።

ላሞቹ መሀል ቆሜ አለቀስኩ። አንዷ ላም ሻሼን ልትበላ ሞከረች።

ቅዳሜ፣ የካቲት 12

ፍላይታችን ትናንት ያለ እኛ ሄደ።

ለቢኒ እኔው ልንገረው አልኩ፣ ሜሮን እንዳትነግረው ከልክዬ። «ልጄ፣ በረዶ መንገዱን ዘጋው፣ መውጣት አልቻልኩም።» ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ጆሮዬ አወቀው። እነዚያው ቃላት፣ አንድም ሳይጎድል።

ቢኒ «ዶንት ዘይ ፕላው ኢት፣ እማማ?» አለኝ። አይጠርጉትም ወይ ማለቱ ነው። የኔው ልጅ፣ የኔው አፍ። «ኢትስ ፋይን» ብሎ ዘጋ። ፋይን እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ። ያን አዘጋግ እኔ ነኝ የፈጠርኩት።

ካፖርቴን ለብሼ ወጣሁ። በኛ ደንብ የበደለ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው። ድንጋይ ፈለግኩ። የት አባቱ! አገሩ ሁሉ ነጭ ነው። በአካፋ ቆፈርኩ፣ ክንዴ እስኪዝል፤ መሬት የሚባል ነገር የለም። ሲያቅተኝ ከጠነከረው በረዶ ላይ የበርጩማ ያህል ቆርጬ እሱኑ ማጅራቴ ላይ ጫንኩና ገባሁ።

ዘውዴ ምድጃው ጋ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ጎንበስ ብዬ ፊቷ ቆምኩ።

«ምን ሆነሻል እትዬ?»

«ድንጋይ አጣሁ።»

ገባት። ቢላዋውን አስቀመጠች። ውኃው በጀርባዬ ይወርዳል፣ ወገቤ ደርሷል፣ እንቀጠቀጣለሁ። «ውሸታም ያልኩሽ እኔ ነኝ። አትምጪ ያልኩሽም። ማሪኝ» አልኩ። ምድጃው ብቻ ይንጣጣል።

«እስከ መቼ ልሸከመው?» አልኳት በመጨረሻ።

«አንድ ሰዓት ብትጠብቂ ይቀልጥ የለም እንዴ?»

አቤት ምላስ! የእማዬ ልጅ! ሳቋ ፈነዳ፣ እኔም ፈነዳሁ፤ በረዶው መሀላችን ወድቆ ተከሰከሰ። ተቃቅፈን ለቅሶና ሳቁን ደባለቅነው። አና መወልወያ ይዛ መጣች፣ ምን እንደሆነ ሳታውቅ እሷም ታለቅሳለች።

ከዚያ ዘውዴ አስራ ዘጠኝ ዓመት የያዘችውን ጠየቀችኝ። «እማዬ ጠርታኝ ነበር?»

«በር በተከፈተ ቁጥር» አልኳት። አልዋሸሁም፣ አላለሳለስኩም። ልትሰማው የሚገባት እሷ ነበረች። ጉልበቴ ላይ ራሷን አድርጋ ቆየች።

እሑድ፣ የካቲት 13

ጠዋት ናዝሬት ደወልኩ፣ ለአክስታችን ልጅ ለጥሩነሽ። የቤተሰቡ ሬዲዮ ናት። «ድንኳን ውስጥ ስለ ዘውዴ ያልኩት ሐሰት ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ለሁሉም ንገሪ» አልኳት። እስካሁን ግማሽ ከተማው ሰምቷል። እሰይ።

በርበሬውን ሰጠኋት። «ለራሴ ነው ስትል ነበር እኮ!» ብላ ሜሮን አጋለጠችኝ።

የኮሎምበስ ረፋድ እዚህ ሊመሽ ሲል ነው። ሜሮን ስልኩን ከፊታችን በርጩማ ላይ አቆመችልን፣ እኔ፣ ዘውዴና አና መደቡ ላይ ተደረደርን። ቢኒ ሕፃኑን ራሱ ታቅፎ ቆመ። ከጀርባው ሰው ሁሉ እጁን ዘረጋ። እኔም በስልኩ ላይ እጄን ዘረጋሁ፣ ዘውዴም ዘረጋች፤ እጇ ሽንኩርት ይሸታል። አሜን ስንል ቢኒ ሰማንና ወደ ካሜራው ቀረበ። «እማማ፣ ሜሮን የበረዶውን ፎቶ ላከችልኝ። ዋው። አይ ዲድንት ኖው።» አንተ ባታውቅ ምን ይደንቃል ልጄ። ዘውዴ ገፋችኝና «እኔ ነኝ የያዝኳት፣ እኔን ተቆጣ!» አለችው። ሳቀ።

አሁን ከሸለቆው ታች የጠራጊው መኪና ድምፅ ይሰማል፣ ሲቀርብ ሲርቅ። ሜሮን መንገዱ ነገ ይከፈት ይሆናል አለች። ወይ ከነገ ወዲያ። ዘውዴ ዶሮ ልትሠራ ሽንኩርቱን ይዛ ተቀምጣለች።

ዕድሜዬን ሙሉ ስጸልይ የምጀምረው «ጌታ ሆይ፣ መንገድ ክፈት» ብዬ ነው። ዛሬ ተንበረከክኩ፣ አፌን ከፈትኩ፣ «መንገድ ክፈት» የምትለዋ ላይ ስደርስ ዘለልኳት፤ ዶሮው ገና አልደረሰም።